ሆዱን ከፍተው አይተውታል?

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ዓሣ ነባሪዎች በመንጋ ሆነው ደረቅ መሬት ላይ ወጥተው የሚሞቱበት ነገር ነው። በ2020 አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ደሴት ውስጥ ማኳሪ ሃርበር የሚባል ቦታ 470 ገደማ ፓይለት ዌል የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች አሸዋ ላይ ተጋድመው የሚያሳይ ቪዲዮ አይቼ በቃ መተው አቃተኝ፣ ማታ ማታ እሱኑ ሳነብ ነው የማመሸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ዓሣ የምገዛቸው አባት ጋ ሄጄ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። እስኪያልቅ ዝም ብለው አዩትና "ልጄ፣ ሆዱን ከፍተው አይተውታል?" አሉኝ። እጃቸው ላይ ቀረሶ ነበር፣ ጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አርገው ውስጡን አሳዩኝ፣ ቀይ፣ ገና ደም የሚመስል። "ይሄ ዛሬ ሌሊት የወጣ ነው። ሞቶ ተንሳፍፎ ባገኘው ግን ዓሣ የሚያደነዝዘው የዛፍ ፍሬ፣ ብርብራ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሳላየው ግን አልፈርድም" አሉ።

ተመራማሪዎቹም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው እኮ! በ2000 ባሃማስ ላይ 17 እንስሳት ወጡ፣ አብዛኞቹ አፋቸው እንደ ምንቃር የሾለ በጣም ጥልቅ የሚጠልቁት ዓይነት ናቸው፣ የሞቱትን ጭንቅላት ሲመረምሩ ጆሯቸው አካባቢ ደም ፈሶ ተገኘ፣ በዛ ሰዓት የአሜሪካ ባህር ኃይል እዛው ሶናር (ውሃ ውስጥ ድምፅ እየላከ ነገር የሚፈልግ መሣሪያ) እየተጠቀመ ነበር፣ በኋላ ራሳቸውም አምነዋል። በ2002 ደግሞ ካናሪ ደሴቶች ላይ 14 ወጡ፣ ሰውነታቸው ውስጥ የአየር አረፋ ተገኘ፣ ጠላቂ ዋናተኛ ከጥልቅ ውሃ ቶሎ ሲወጣ የሚያመው ዓይነት ማለት ነው። ስፔን በ2004 እዛ አካባቢ ሶናር ከለከለች፣ ከዛ ወዲህ የነዚህኞቹ የጅምላ ሞት እዛ ቆመ። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ግን ሁሉንም ሶናር ነው የሚሉትን አልስማማም። በ1918 ኒውዚላንድ ቻታም ደሴቶች ላይ 1000 ገደማ ሲወጡ ምን ሶናር ነበረ? በ2015 ቺሌ ላይ የሞቱት ከ300 በላይ ደግሞ የተጠረጠረው መርዛማ አልጌ ነው። ኒውዚላንድ ፌርዌል ስፒት ያለው አሸዋ በጣም ቀስ እያለ ነው የሚያዘቀዝቀው፣ ፓይለት ዌሎች መንገድ የሚያዩት ድምፅ ልከው ሲመለስ በመስማት ነው፣ እንዲህ ያለ ዳርቻ ላይ ድምፁ በደንብ አይመለስም፣ ስለዚ ፊታቸው ያለው ክፍት ባህር ሳይመስላቸው አይቀርም ይባላል፣ ከዛ ውሃው ሲሸሽ እዛው ይቀራሉ። ውሃ የተሸከመው ክብደት መሬት ላይ ራሳቸውን ይጫናቸዋል፣ ስባቸው ደግሞ ሙቀቱን አያስወጣም።

ለዓሣ ሻጩ አባት የነገርኳቸው የመጨረሻው የ2023ቱን ነው፣ ስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት 55 ፓይለት ዌል የወጡበትን። ከመሃላቸው አንዷ ምጥ የጠናባት ትመስላለች፣ ሌሎቹ እሷን ተከትለው ነው የወጡት ተብሎ ተጠረጠረ፣ ምክንያቱም ፓይለት ዌሎች ዘመድ ከዘመድ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት አልኳቸው።

ቢላዋቸውን አስቀመጡት። "እና ትተዋት የት ይሂዱ?" አሉ፣ ከዛ ቆየት ብለው ቅርፊቱን መፋቅ ቀጠሉ።