ፊልሙ ላይ የሚያወሩ ሰዎች

የድሬ ሙቀት ሰኔ ላይ ማታም አይለቅም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሰሞኑን የያዘኝ አመል ዲቪዲ ከፍቶ ኮሜንታሪ ማዳመጥ ነው። ሪሞቱ ላይ የኦዲዮውን ቁልፍ ስጫን የተዋናዮቹ ድምፅ ዝቅ ይልና ፊልሙን የሠራው ሰውዬ ከላይ ስለ ፊልሙ ማውራት ይጀምራል። እህቴ በሳሎኑ ስታልፍ፣ «አቦ፣ ወይ ፊልሙን እይ ወይ ሰውዬውን ዝም አሰኘው!» ትለኛለች።

ይህን ያስጀመረኝ ከዚራ ያለ ጓደኛዬ ነው፤ ወንድሙ ከውጭ ያመጣለትን ኦርጂናል ዲስክ በካርቶን አዋሰኝ። ገበያ ላይ የለመድነው ኮፒ ይህ ነገር የለውም። ኦርጂናሉ ብዙ ጊዜ ባለ 8.5 ጊጋባይት ነው፤ ኮፒው ባለ 4.7ቱ ላይ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው ትርፍ ድምፁ ነው።

ፊልሙ ጥሩ ከሆነ ወሬውም ጥሩ ይሆናል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ምንም አይገናኙም። የምወደውን ፊልም ከፍቼ ሙሉውን ሰዓት «እዚህ ጋ በጣም ጎበዝ ነበረች፣ አብረን መሥራታችን ደስ ይል ነበር» ሲባባሉ የሰማሁበት ምሽት አለ። ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ሰዎቹ ራሳቸው ፊልሙ ይዟቸው ሄዷል። ከዚህ የሚብሰው የምናየውን መልሶ የሚነግረን ነው። «ቶታል ሪኮል» ላይ ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሆቨን ታሪኩ ሕልም ይሁን እውን ሊያስረዳ ሲደክም፣ አርኖልድ ሽዋዚንገር አጠገቡ ሆኖ ስክሪኑ ላይ የሚሆነውን ይተርካል። ድሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልሙን ቀድሞ አይቶ «አሁን ይመታዋል፣ ቆይ አሁን» እያለ የሚያስቸግረንን ልጅ ቁርጥ እሱን ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ አርኖልድን ሳቅ በሳቅ ሆኜ ነው የጨረስኩት።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1984 «ኪንግ ኮንግ» ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቅ ዲስክ፣ በሌዘርዲስክ፣ ሲወጣ፣ ሮናልድ ሄቨር የሚባል የፊልም ታሪክ አዋቂ በትርፉ የድምፅ መስመር ላይ ፊልሙን እንደ ትምህርት እያስረዳ ተቀዳ። የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ፊልሙን ግን እሱ አልሠራውም። ይህን ሳስብ «ሲትዝን ኬን» ትዝ ይለኛል። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ በ1985 ስለሞተ ዲቪዲው ላይ ሌሎች ናቸው የሚያወሩት። አንደኛው ፒተር ቦግዳኖቪች ነው፣ ዳይሬክተር፣ ያውም የዌልስ ወዳጅ። ሌላኛው ሮጀር ኢበርት፣ የጋዜጣ ሐያሲ። ወዳጁ ይበልጣል ብዬ እሱን አስቀደምኩ፤ ደህና ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ኢበርት ትንፋሽ አይሰጥም። ቀና ብለህ ጣሪያውን እይ ይልሃል፤ የክፍሎቹ ጣሪያ ጨርቅ ነው፣ ማይክሮፎኑ ከጨርቁ በላይ ተደብቋል፣ ለዚህ ነው ካሜራው ወለል ላይ ወርዶ ወደ ላይ ማየት የቻለው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊልም ሳይም ዓይኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሆኗል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን «ዘ ላይሚ» ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሶደርበርግና የጽሑፉ ደራሲ ሌም ዶብስ አንድ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ዶብስ የጻፍኩላቸውን የኋላ ታሪክ ቆርጠህ ገጸ ባሕርያቱን ባዶ አደረግካቸው ይለዋል፣ በግልጽ፣ ሳያለዝብ። ሶደርበርግ ይመልሳል፣ አንዳንዱን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ላይ ይስቃል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ደግሞ ዲስኩ ላይ እንዲወጣ ፈቀደ! አንድ ትዕይንት ለምን እንደተቆረጠ ከዚህ ጭቅጭቅ የገባኝን ያህል ከየትም አልገባኝም።

ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ጎድፋዘር» ላይ ብቻውን ነው የሚያወራው፣ ግን ተከራካሪ አላጣም። ስቱዲዮው ዛሬ ያባርረኛል ነገ ያባርረኛል እያለ የሠራበትን ፍርሃት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም አልረሳውም፤ ስለ እያንዳንዱ ትዕይንት ሲያወራ አሁንም አለቆቹን የሚያሳምን ይመስላል። ደስ የሚለኝ እንዲህ ያለው ነው፣ ከፊልሙ ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ ያለው ሰው። ሁሉ ነገር አምሮልኛል ብሎ የተቀመጠ ምን ያወራል?

የእኛን ፊልሞች እንዲህ ብሰማ ብዬ ተመኘሁ። ያኔ የአማርኛ ፊልም የምንገዛበት ቪሲዲ ለዚህ የሚሆን ትርፍ የድምፅ መስመር አልነበረውም። ቢኖረውስ ደራሲና ዳይሬክተር አንድ ማይክ ፊት ተቀምጠው በአደባባይ ይወቃቀሱ ነበር ወይ፣ እንጃ። ይሉኝታው ከባድ ነው። የካሜራና የመብራት ሰዎቹን ብቻ ቢያስቀምጡልኝም አልጠላም፤ መብራት ሄዶ ቀረጻ የቆመበት ቀን ብቻውን አንድ ሰዓት ያስወራል።

ከካርቶኑ ቀጥሎ የሚጠብቀኝ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ረጅሙ ቅጂ ነው። ከ3 ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም ላይ 4 ኮሜንታሪ፦ የዳይሬክተሩና የጸሐፊዎቹ፣ የዲዛይን ሠራተኞቹ፣ የቀረጻና የቅንብር ሰዎቹ፣ የተዋናዮቹ። በዲዛይኖቹ እጀምራለሁ፤ ሰይፍና ጫማ የሠራ ሰው በእጁ ስለነካው ነገር ነው የሚያወራው። ተዋናዮቹ ይቆዩኝ።