የውኃ ማሞቂያ በከፋው ሳምንት ልክ ሲመረጥ

የምንኖርበት ቤት አየሩ አይራራለትም። በብርዱ ወራት ቧንቧ ውስጥ ያለውን ውኃ በረዶ የሚያደርግ ውርጭ ይወርድበታል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ራሱ ለብ ያለ ነው። በመሃሉ ማዕበል ይነሳና መብራቱን ይዞት ይሄዳል። አሮጌው ቦይለር ሥሩ ዝጎ መንጠባጠብ ሲጀምር አዲስ መግዛት ግድ ሆነብን። ሻጮች ሁሉ የሚጠይቁት «ስንት ቤተሰብ ናችሁ?» ብቻ ነው። እኔ ግን የማሞቂያ ጉዳይ ከሰው ቁጥር ይልቅ በሚገባው ውኃ ቅዝቃዜ የሚወሰን ስለመሰለኝ መለካት ጀመርኩ።

የለካሁት ሁለት ነገር ነው። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ለቅቄ ቱቦው ውስጥ ቆሞ የከረመው ውኃ እስኪያልቅ ጠበቅኩና ቴርሞሜትር ነከርኩበት፤ በውርጩ ሰሞን 5 ዲግሪ፣ በሙቀቱ ሰሞን 20 ዲግሪ አነበብኩ። ከዚያ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሻወሩ ሥር አድርጌ ሰዓት ያዝኩ። በ75 ሰከንድ ሞላ፣ ማለትም በደቂቃ 8 ሊትር። የሻወሩን ራስ በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ ቀየርኩት። ማንም ልዩነቱን አላስተዋለም፤ ከሁሉም ወጪ ትንሹና ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝም ይሄው ነው።

ልቤ መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ኢንስታንቱ፣ ማለትም ውኃው ሲያልፍበት እዚያው ወደሚያሞቀው ነበር። ቦታ አይዝም፣ ውኃ አከማችቶ ሲያሞቅ አይውልም፣ ገላውን የሚታጠብ ሰው ሙቅ ውኃ አለቀብኝ ብሎ አይጮህም። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። 1 ሊትር ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል። በሙቀቱ ሰሞን ከ20 ለገላ ወደሚስማማው 39 ዲግሪ በደቂቃ 6 ሊትር ለማሞቅ 8 ኪሎዋት ይበቃል። በውርጩ ሰሞን ግን መነሻው 5 ስለሆነ 14 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ይህ 65 አምፔር ገደማ ነው። የቤቴ ዋና ብሬከር ራሱ ይህን አይችልም። ባለ 8 ኪሎዋቱን ገዝቼ ብገጥም ኖሮ፣ በሙቀቱ ጊዜ 39 ዲግሪ ሲሰጠኝ የከረመው ዕቃ ውርጭ በጣለበት ጠዋት 24 ዲግሪ ውኃ ያወርድብኝ ነበር። ሙቅ ውኃ የምንፈልገው ደግሞ ያን ዕለት ነው!

የጋዙ ኢንስታንት ጉልበት አያንሰውም። ነገር ግን ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ለመለኮስና ለማራገቢያው መብራት ይፈልጋሉ፤ የጭስ መውጫው በበረዶ ወይም በቅጠል ከተደፈነ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይሰቅል ጋዝ የሚያስገባ ሰው አይገባኝም። ሂት ፓምፑ ከአየር ሙቀት እየቀዳ ከበላው መብራት ሁለትና ሦስት እጥፍ ሙቀት ይመልሳል፤ በሙቀት ጊዜ ተወዳዳሪ የለውም። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ግን የሚቀዳው ያንስበታል፣ እኛ ጋ ደግሞ እሱን የሚያስቀምጥ ሰፊ ክፍል የለም። ስለዚህ ወደ ቦይለሩ ተመለስኩ።

የቦይለሩን መጠንም ያሰላሁት በውርጩ ሳምንት ነው። ለ8 ደቂቃ ሻወር 48 ሊትር ይወርዳል። ቦይለሩ 60 ላይ ሆኖ ቀዝቃዛው 5 ዲግሪ ሲሆን ከዚህ 30 ሊትር ያህሉ ከቦይለሩ ይመጣል፤ ቀዝቃዛው 20 ዲግሪ ቢሆን ከ23 ሊትር አይበልጥም ነበር። ጠዋት ሁለት ሰው በተከታታይ ይታጠባል፣ ዕቃም ይታጠባል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛው ከሥር እየገባ ስለሚቀላቀል ከቦይለሩ ሙሉውን አናገኝም፤ ከአራት ሦስት እጁን ብንጠቀም ነው። ባለ 100 ሊትር፣ ባለ 2 ኪሎዋት፣ ቁመቱን የሚሰቀለውን ወሰድኩ። በጎን የሚተኛው ሞዴል ሙቁና ቀዝቃዛው ቶሎ ይደባለቅበታል። ከ5 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ቸኩሎ ለሚኖር ሰው አይሆንም። ኤሌክትሪሺያኑ የራሱን ብሬከር፣ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድና ኧርዝ አስገባለት። ውጪ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቦታ ይተርፋል ያሉኝ ነበሩ፤ ውርጭ ለሚያገኘው ቤት ግን ቦይለር ውስጥ ነው የሚሰቀለው።

ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር የተከራከርነው በሴፍቲ ቫልቩ፣ ማለትም ትርፍ ግፊቱን በሚያስወጣው መክፈቻ ነው። ቦይለሩ ማሞቅ ሲጀምር ከቫልቩ አፍ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። «ወንድሜ፣ ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አፉን ብንደፍነው ይሻላል» አለኝ። «አይደፈንም» አልኩት። 100 ሊትር ውኃ ከ5 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1.7 ሊትር ያህል ይሰፋል። መግቢያው ላይ ያለው ቫልቭ ወደ መስመሩ እንዲመለስ ስለማይፈቅድለት መውጫው በዚያች አፍ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ተርሞስታት አንድ ቀን ተበላሽቶ ማሞቁን ማቆም ቢያቅተው ደግሞ ግፊቱን የሚያስተነፍስልን እሱ ነው፤ ከተደፈነ ቦይለሩ ቦምብ ነው። ከቫልቩ የሚወርደው ቱቦም ወደ ታች ያዘነበለ፣ ጫፉ የተከፈተ፣ ውርጭ የማይደርስበት መሆን አለበት። ጫፉ ላይ በረዶ ከያዘ ያው ተደፈነ ማለት ነው። ሠራተኛው ቱቦውን አዙሮ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ወዳለው ፍሳሽ አወረደልኝ፤ ሲያጉረመርም ግን ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ ባለቤቴ «በዚህ ሙቀት 60 ዲግሪ ምን ያደርጋል? 40 ላይ አድርገው» አለችኝ። ስለ መብራቱ እውነቷን ነው። ነገር ግን ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ደልቶት ይራባል፤ ከሻወር በሚነሱ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች በኩል ሳንባ ውስጥ ይገባል። በ60 ዲግሪ ግን ይሞታል። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ሁለቱን ያስታረቀልን ከቦይለሩ መውጫ ላይ የተገጠመው መቀላቀያ ቫልቭ ነው፤ ውስጡ 60 ሆኖ ወደ ቧንቧው የሚሄደው 45 ነው። መብራቱን ለመቆጠብ ደግሞ ታይመር ጨመርንበት። በሙቀቱ ወራት በቀን አንዴ 60 እስኪደርስ ያሞቃል፣ ከዚያ ይተኛል።

ማዕበል ሊመጣ ነው ሲባል የማደርገው አጭር ነው። ቦይለሩን እስከ 60 አሞቀውና ብሬከሩን አወርዳለሁ። መብራት ሄዶ ቢያድር ሽፋኑ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆየው በማግስቱ ለገላ የሚበቃ ውኃ አናጣም፤ ኢንስታንት ቢሆን መብራቱ በጠፋበት ደቂቃ አልቆለት ነበር። መብራቱ ሲመለስ ሄድ መለስ ማለቱን እስኪተው እጠብቃለሁ። ብሬከሩን ከማንሳቴ በፊትም የሙቁን ቧንቧ ከፍቼ ውኃ መውረዱን አያለሁ፣ ምክንያቱም ባዶ ቦይለር ላይ መብራት ከተለቀቀ ውኃውን የሚያሞቀው ረዚስታንስ ደርቆ ይቃጠላል። ውኃው ተቋርጦ ከሰነበተ ደግሞ ቦይለሩ ውስጥ 100 ሊትር ተቀምጧል። ብሬከሩ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ይቀዳል፤ አየር እንዲገባ ግን አንድ የሙቅ ቧንቧ ከላይ መከፈት አለበት፣ አለዚያ አይወርድም። ጎርፍ የዋጠው ማሞቂያ ቢደርቅም ባለሙያ ሳያየው አይለኮስም።

ለውርጩ፣ በውጪ ግድግዳ በኩል የሚያልፉትን ቱቦዎች ሁሉ በስፖንጅ ሽፋን ጠቀለልኩ። በጣም በሚከፋበት ሌሊት ራቅ ያለውን ቧንቧ በቀጭኑ እንዲንጠባጠብ እተወዋለሁ። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቱቦውን የሚያፈነዳው ግን ብዙ ጊዜ በበረዶውና በተዘጋው ቧንቧ መካከል ተጨንቆ የሚቀረው ውኃ ነው። ቧንቧው ከተከፈተ ግፊቱ መውጫ አለው። ቱቦው በረዶ ከያዘም ከቧንቧው አፍ ጀምሬ ወደ ኋላ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀዋለሁ እንጂ እሳት አላስጠጋም።

በፀሐይ የሚያሞቀውን ሶላርም ጨርሶ አልተውኩትም። ውኃው ራሱ ጣሪያ ላይ የሚዞርበት ዓይነት ውርጭ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ እኔ የምፈልገው በውርጭ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ ጣሪያ ላይ ዞሮ ሙቀቱን ለቦይለሩ የሚያቀብለውን ነው። ለእሱ የሚሆኑ ሁለት ቱቦዎች ከሻወር ቤቱ እስከ ጣሪያው አስወጥቼ አፋቸውን በክዳን አስዘግቻለሁ። ጣሪያው ሲታደስ ፓነሉ ይወጣል፣ ቦይለሩም ያኔ ጠዋት ጠዋት ከ5 ዲግሪ ሳይሆን ፀሐይ ካሞቀችለት ውኃ ይጀምራል።