ለኳስ ወዳጆቼ በሙሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን የምታከብሩም፣ ከሚያከብሩ ጎረቤቶቻችሁ ጋር የምትደሰቱም፣ ሁላችሁም። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የታኅሣሥ ብርድ እዚህ ቀልድ አያውቅም። ጦሳ ጉሙን እንደተከናነበ ነው የሚያረፍደው። ቤት ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ተልጦ አልቋል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ጠጅ ሣሩም ነገ ጠዋት ይመጣል።

ዘንድሮ በበዓል መልእክቴ ስለ ኳስ ልጽፍላችሁ ነው። አብራችሁኝ ኳስ ላያችሁ ሁሉ ምስጋና አለብኝ። እኔ ኳስ ብቻዬን ማየት አልሆንልህ ብሎኛል። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንኳ ቢሆን፣ ብቻዬን ካየሁት ግማሹን አላየሁትም። ጎል ሲገባ ዞር ብዬ የማየው ፊት ያስፈልገኛል። አንድ የሚጮህ፣ አንድ ጭንቅላቱን የሚይዝ፣ አንድ "ኦፍሳይድ ነው!" ብሎ የሚነሳ ሰው።

ለነገሩ ገና ራሱ የጨዋታ በዓል ነው። አባባ አምባሰል ነው ያደጉት። በእሳቸው ልጅነት ገና ደረሰ ሲባል ልጁም ጎልማሳውም ጫካ ወርዶ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይቆርጣል። ዱላው ራሱ ገና ይባላል። ሩሯ፣ ማለትም ኳሷ፣ ከእንጨት ትጠረባለች፣ ወይም ከጠፍር ትገመዳለች። ሜዳው ልክ የለውም፣ ተጫዋቹም ቁጥር የለውም። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ወይም ያገባው ካላገባው ይቧደናል። ከዚያ ሩሯን ወደ ባላጋራ ጫፍ መንዳት ነው። ሰዓት የሚይዝ የለም። ሲመሽ ያበቃል። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል። ሹሙም ባለርስቱም አይቀርለትም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ለዚህ ነው።

አባባ ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠባሳ አለቻቸው። የገና ዱላ ያሳረፈባት ናት። የመታቸው ልጅ ኋላ በሠርጋቸው ሚዜ ሆኖ ቆሟል። ያችን ጠባሳ ሲያሳዩን እንደ ሜዳልያ ነው፤ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እግራቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ "እዩዋት፣ ይቺ የሚዜዬ ናት" ይላሉ።

አሁን እኛ ቤት ቡድን የሚለየው በማልያ ነው። እኔ አርሴ ነኝ። ታናሽ እህቴ ማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ናት፣ ለዚያውም የከረረች። ጎረቤታችን ሀጂ ከእኔ ወገን ናቸው። አርሰናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን በጨረሰበት በ1996 ዓ.ም. የተለከፉ ደጋፊ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ግን ከእህቴ ጋር ሆኖ ያበግናቸዋል። አባባ ለማንም አይወግኑም፤ ሁልጊዜ ለተመራው ያደላሉ። ጎል ከተቆጠረ ወዲያ እሳቸው የማን ደጋፊ እንደሆኑ ይታወቃል።

ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የሀጂ ናት። ለሶላት ብድግ ሲሉ ትመቻቸዋለች። መግሪብ ጨዋታው መሀል ከደረሰ ይነሳሉ፣ ሰግደውም ይመለሳሉ። ውጤቱን ማንም አይነግራቸውም፣ እሳቸውም አይጠይቁም። በሩ ላይ ቆመው የእኔንና የእህቴን ፊት ያያሉ፣ ያውቁታል። እናቴ ደግሞ ቡናውን አስልታ ነው የምታፈላው። አቦሉ እረፍት ላይ ይቀዳል፣ ቶናው ሁለተኛው አጋማሽ ሲሟሟቅ፣ በረካው ጭማሪ ደቂቃ ሲታይ። ኳስ አልወድም ትላለች። ግን በረካውን እየቀዳች ለሁለቱም ቡድን ስትመርቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ የእንግሊዝ ሊግ የሚደራረበው በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። የፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ታኅሣሥ 17፣ እነሱ ጠግበው ስታዲየም ይሞላሉ፤ እኛ በሽሮና በምስር እንደግፋለን። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ግን የእኛ ተራ ነው። ያን ዕለት እኛ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። ጠዋት ሀጂ ልጃቸውን ይልካሉ፤ አንዱን ዶሮ ቢስሚላህ ብሎ ያርድልናል። እሱ በራሱ ድስት፣ በራሱ ማማሰያ ይሠራል። በኢድ ደግሞ እነሱ ቤት በተራቸው እንዲሁ ያደርጉልናል። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም፤ የምጽፈው ሩቅ ላላችሁት ነው። ከምሳ በኋላ ሁላችንም እዚያው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ነን።

አንድ ቀን አለች፣ እኛ ቤት እንደ በዓል የምትታሰብ። ጥር 13። በ1954 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። ሁለት ጊዜ ተመርታ፣ ሁለቴም አቻ ሆና ነው ያሸነፈችው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። አባባ ያኔ ለትምህርት ደሴ መጥተው ዘመድ ቤት ይኖሩ ነበር። ላምባ ግዛ ተብለው ተልከው፣ ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ቀሩ። ድሉ ሲነገር ጠርሙሱን ለቀቁት። ላምባው ፈሰሰ። እቤት ሲገቡ ግን ማንም አልተቆጣቸውም፤ ዜናው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር።

ከዚያ በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። የመጀመሪያ ጨዋታዋ የዋለው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጥር 13 ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሪት፣ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር። ሸዋ በር አንድ ካፌ ውስጥ ነበርን፤ ቁጭ ያለው ከቆመው ያንሳል። የሳላዲን ሰይድን ፍፁም ቅጣት ምት በረኛው አዳነው። የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። እረፍት ሳንወጣ ጎል ገባብን። ካፌው ውስጥ አንድ ድምፅ አልነበረም፤ ስኒ ሲነካካ ብቻ ይሰማል። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ! በ10 ሰው አቻ! አጠገቤ የቆመ የማላውቀው የሚኒባስ ሹፌር፣ ማኪያቶው እላዬ ላይ እየተደፋ፣ አንገቴን አንቆ አቀፈኝ። ያ ሰው እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው። ወልድያ ፕሪሚየር ሊግ ላይ በነበረበት ጊዜ በእሱ መኪና ነበር የምንሄደው። በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርገን፣ መንገዱን ሙሉ እየዘፈንን እንገባለን። ያንን አዲስ ስታዲየም ሞልቶ ያየ ሰው ወሎ ኳስ ትወዳለች ብሎ መስካሪ አያሻውም።

ስለ 2014 ገናም ትንሽ ልበል። ከተማችን ከጦርነቱ የወጣችው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ተፈናቅለን የነበርነው ተመለስን። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ ሌላም ብዙ ነገር አልነበረም። በዓሉ ግን ደረሰ። በበዓሉ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 1 ማታ፣ ኢትዮጵያ ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ተጫወተች። አባባ ባለ ባትሪዋን ሬዲዮ በርጩማ ላይ አስቀምጠው አንቴናውን በእጃቸው ይዘው ቁጭ አሉ። እንዳይቋረጥ ብለው ጨዋታው እስኪያልቅ እጃቸውን አላወረዱም። ሀጂ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ያሬድ ባየህ ገና በጠዋቱ በቀይ ወጣ፣ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ማንም ቶሎ አልተነሳም። ሀጂ "አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን" አሉ። እናቴ የቀረችውን ቡና አፈላች። በሕይወቴ ከደገፍኳቸው ጨዋታዎች ሁሉ ያቺን አስበልጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው። እሱ በዚያ በኩል የቤዝቦል ሰው ሆኖብናል። ልጆቹ ናቸው ያስለመዱት። የዋሽንግተኑን ናሽናልስ ነው የሚደግፉት። ስታዲየም ሲሄዱ ልጆቹ ጓንት ያጠልቃሉ፤ የተመታች ኳስ ወደ ተመልካች ከበረረች ለመያዝ ነው። ሚስቱ ቆሎ ትቋጥራለች። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ከመታ ይሮጣል። ዘጠኝ ዙር አለው፣ አቻ ከሆነ ይቀጥላል። በአንድ የውድድር ዘመን እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ አለበት! ይህን በስልክ ሲያስረዳን አባባ ጆሯቸውን አቁመው ሰሙና "ሰዓት የለውም?" አሉ። "የለውም አባባ፣ እስኪያልቅ ነው።" "ዱላና ሩር ነው?" "አዎ።" "ይሄማ ገና ነው!" ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸውም የናሽናልስ ደጋፊ ናቸው።

በጥቅምት 2012 ናሽናልስ ዋንጫውን ሲወስድ ወንድሜ ደውሎ ከእንቅልፋችን ቀሰቀሰን። ከሂዩስተን ጋር ሰባት ጨዋታ ተጫውተው፣ በሰባቱም ያሸነፈው ከሜዳው ውጪ የተጫወተው ቡድን ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ "እንግዳ አክባሪዎች ናቸው ማለት ነው" አሉ። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ይሰማኛል፤ ከኋላው ልጆቹ ይጮኻሉ። እዚህ ደግሞ እህቴ ምንም ሳይገባት አብራ ትጮኻለች። ውቅያኖስ ያህል ነገር መሀላችን ተዘርግቶ፣ ያን ሰዓት አንድ ሳሎን ውስጥ ነበርን።

እናም ለእናንተ፦ ማልያችሁን አበድራችሁኝ ለማታውቁት፣ ግን አንድ ወንበር ላይ ተጣበን ለተቀመጥን፣ ሕፃናቱን ያለ ክፍያ ለምታስገባው የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት፣ በዓሉን ሥራ ላይ ሆናችሁ ውጤቱን በቴክስት ለምትጠይቁኝ ነርሶችና ሹፌሮች፣ ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። ዘንድሮ በመካከላችን የሌሉትን ነፍሳቸውን ይማርልን። በስደት ያላችሁትን በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

ወንድሜ ዘንድሮ ከነልጆቹ ለገና ይመጣል። አባባ ካሁኑ ሦስት ዱላ ቆርጠው፣ ጫፉን በእሳት እያለሰለሱ ቆልምመው ጨርሰዋል። ልጆቹ ጓንታቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውናል። የገና ዕለት ከሰዓት፣ ምሳ ተበልቶ ቡናው እንዳበቃ፣ ሁላችንም ሜዳ እንወርዳለን። ሀጂ ዳኛ ይሁኑ ተብሏል፤ እሳቸውም እሺ ብለዋል። ያገባው ካላገባው ነው የምንጫወተው፤ ያላገባው ወገን ሰው ስለሚያንሰው ደሴ ያላችሁ ኑ፣ ተቀላቀሉን። መልካም በዓል!