ሁለት ቡድን ብቻ የቀረው ኮንፈረንስ

ጀበናው ገነፈለ፣ ማንም አልተነሳም። እህቴ ራሷ፣ ቡና ሲፈላ ሰው ስልክ ቢያነሳ የምትቆጣዋ፣ ረከቦቱን ረስታ ቲቪው ላይ አፍጥጣለች። ሴፕቴምበር 14፣ 2024፣ ሲያትል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ነገሩ የነሱ ስለሆነ።) የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ላይ ዋሽንግተን ስቴት 24 ለ 19 እየመራ ነው። ጎረቤቱ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሀስኪዎቹ ማለቴ ነው፣ ለማግባት አንድ ያርድ ብቻ ቀርቷቸዋል። አራተኛና የመጨረሻ ሙከራ። ኳሷ ወደ ጎን ተወረወረች፣ የተቀበላት ልጅ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ጣሉት፣ የእህቴ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ የጮኸው ጩኸት ጎረቤት ሳያስደነግጥ አልቀረም።

ልጁ ዋሽንግተን ስቴት ነው የሚማረው፣ ፑልማን። ከሲያትል አምስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ተራራውን ስታልፉ ዝናቡ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ስንዴ ነው። ኮረብታው ላይ ስንዴ፣ ከኮረብታው ጀርባ ሌላ ስንዴ፣ መጀመሪያ ያደረስኩት ቀን አርሲ የገባሁ ነው የመሰለኝ። የከተማው ሕዝብና የስታዲየሙ ወንበር ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም ወደ 33 ሺህ። እኔ ከዚያ በፊት ፉትቦል የሚባለውን፣ ኸልሜት አድርገው የሚጋጩበትን፣ ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። አሁንም ሕጉ ግማሹ አይገባኝም። ገንዘቡ ግን ገብቶኛል፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የሚጫወቱት በኮንፈረንስ ተቧድነው ነው። ቲቪው የሚከፍለው ለኮንፈረንሱ ነው፣ ኮንፈረንሱ ለአባላቱ ያካፍላል። ድሮ የቲቪውን መብት ጠቅልሎ የያዘው የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ነበር። በ1984 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ከሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን አፈረሰው፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ገበያ ወጣ። ገበያ ሲወጣ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ያለ ትምህርት ቤትና ስንዴ መሃል ያለ ትምህርት ቤት እኩል አይጠየቁም።

የኛ ልጅ ኮንፈረንስ ፓክ-12 ነበር። ሥሩ 1915 ላይ ነው። በጁን 30፣ 2022፣ ልጁ ገና ሻንጣውን ሳያሰናዳ፣ የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ቢግ ቴን ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ እንሄዳለን አሉ። ሎስ አንጀለስ ሄደች ማለት ዋናው የቲቪ ገበያ ሄደ ማለት ነው። የቀሩት አዲስ ውል ፍለጋ ከዓመት በላይ ተንከራተቱ፣ በመጨረሻ የመጣላቸው የአፕል ኩባንያ ውል ነበር፣ ተመዝጋቢ ከበዛ ገንዘቡ የሚጨምር ዓይነት። ኦገስት 4፣ 2023 ጠዋት ይፈረማል ተብሎ ሲጠበቅ ኦሬገንና ሀስኪዎቹ ወደ ቢግ ቴን ነጎዱ። በዚያው ቀን ሦስት ሌሎች፣ ቀድሞ የወጣውን ኮሎራዶን ተከትለው፣ ቢግ 12 ወደሚባለው ኮንፈረንስ ሄዱ። ቆይቶ ስታንፎርድና በርክሌይም ወጡ። ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሬገን ስቴት። ልጁ ደውሎ «አጎቴ፣ አሁን ቢያንስ ከሁለተኛ አንወርድም» አለኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ የሚያስቅ ነገር እንደሌለው ገባኝ።

ቢግ ቴን ማለት አሥር ማለት አይደል? አባላቱ 18 ናቸው። ቢግ 12 ውስጥ ደግሞ 16። ስታንፎርድና በርክሌይ ፓስፊክ ዳር ተቀምጠው የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ (ኤሲሲ) አባል ናቸው። ሒሳብና ጂኦግራፊ የሚያስተምሩን እነዚሁ ናቸው እንግዲህ። ሀስኪዎቹ ለአንድ የኮንፈረንስ ጨዋታ ኒው ጀርሲ ድረስ በረው በሩትገርስ 21 ለ 18 ተሸንፈው ተመለሱ። ያን ቀን የእህቴ ልጅ ደስታ ልክ አልነበረውም። እኔ ግን ያሰብኩት የቮሊቦልና የሶፍትቦል ልጆችን ነው፣ ቲቪ ብዙም ሳያያቸው አህጉር እያቋረጡ በማግስቱ ክፍል የሚገቡትን።

አሁን ወደ ፕሌይኦፉ፣ የዓመቱ ሻምፒዮን ወደሚለይበት ውድድር፣ ልምጣ። ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ይገባል፣ ድሮ አራት ነበር። ሰው ሁሉ «ተከፈተ፣ ለትንንሾቹም ዕድል መጣ» ብሎ ደስ አለው። በሩ በርግጥ ሰፍቷል። ገንዘቡን ግን እዩት። ከ2026 ጀምሮ የስፖርት ቲቪው ኢኤስፒኤን በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይከፍላል። ቢግ ቴንና ሌላው ትልቅ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ እያንዳንዳቸው 29 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። ኤሲሲ 17፣ ቢግ 12 ወደ 15። ትንንሾቹ ኮንፈረንሶች ሁሉም ተሰብስበው 9 በመቶ አካባቢ። በትምህርት ቤት ሲመነዘር፣ ለአንድ የቢግ ቴን አባል በዓመት ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ለትንሽ ኮንፈረንስ አባል ሁለት ሚሊዮን እንኳን የማይሞላ። ይሄ ሁሉ ኳስ ሳይመታ የተወሰነ ነው። የቢግ ቴን መጨረሻ ዓመቱን ሙሉ ቢሸነፍ ድርሻው ኪሱ ይገባል።

ዕቁብ የገባ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። እጣ ሳይጣል ሁለት ሰዎች ተነስተው «ከሚሰበሰበው ከግማሽ በላዩ የኛ ነው፣ እምቢ ካላችሁ የራሳችንን ዕቁብ እንጀምራለን» ሲሉ አስቡት። ዳኛውም እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም የፕሌይኦፉን ቅርጽ የመወሰኑ ሥልጣን በአብዛኛው በሁለቱ እጅ ነው።

በአውሮፓ እንዲህ ያለ ነገር ተሞክሮ ነበር። ኤፕሪል 2021፣ 12 ክለቦች ሱፐር ሊግ ብለው ተነሱ፣ ደጋፊው መንገድ ወጣ፣ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ አፈገፈጉ። ያኔ የኛ ሰፈር የአርሰናል ደጋፊ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ጠበቃ ሆኖ ነበር። እዚህ አገር ያው ነገር ሲሆን ማን ጮኸ? ወራጅ ቀጠና ስለሌለ ማንም ወደ ታች አይወርድም፣ ማንም ስለማይወርድ ደግሞ ከታች የሚወጣ የለም። ሰው ካልጋበዘህ በቃ።

ከ2025 ወዲህ ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ጭንቅላቱን እያጋጨ ስታዲየም የሚሞላ ልጅ ቢከፈለው እኔ ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም ዘግይቷል። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ግን ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከላይ ያለውን 21 ሚሊዮን አስታውሱ። ትልቁ ቤት ያን የሚያህል ደሞዝ ከፕሌይኦፍ ድርሻው ብቻ ይችላል፣ ዋናውን የቲቪ ገቢ ሳይነካ።

ፑልማን ላይ ይሄ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ልጁ በ2023 የኳርተርባኩን፣ ኳስ እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራውን፣ የካም ዋርድን ማሊያ ገዛ፣ ስሙ ጀርባው ላይ የተጻፈበት። ዋርድ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ2025 የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል አዲስ ተጫዋቾች ሲመርጥ ከሁሉም ቀድሞ የተጠራው እሱ ነው። ተተኪው ጆን ማቲር ያን ጀበና ያስገነፈለው ልጅ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ኦክላሆማ ሊገባ ወሰነ። አሰልጣኙ ጄክ ዲከርትም ዌክ ፎረስት ሄደ። እሱን የተካው አሰልጣኝ አንድ ዓመት ሠርቶ እሱም ወደ አዮዋ ስቴት። በ2025 ሀስኪዎቹ ፑልማን ድረስ መጥተው 59 ለ 24 አሸነፉ። እንደ ማደጎ ቤት ሆነናል አለኝ ልጁ፣ አሳድገን እንሰጣለን።

ሰዎች ኢንዲያናን እያነሱ ይከራከሩኛል። «ኢንዲያና ለዘመናት መሳቂያ አልነበረም? ይኸው ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ፣ ታዲያ ሚዛን የለም ትላለህ?» እውነት ነው፣ አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ የሠራው ሥራ ጉድ ነው፣ በ2023 ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነው ተረክቦ ዋንጫ ያነሳው። ግን ኢንዲያና የቢግ ቴን አባል ነው። ደካማ በነበረበት ዘመን ሁሉ ቼኩ ይመጣለት ነበር። ጎበዝ አሰልጣኝ ሲያገኝ ደሞዙን እየጨመረ አቆየው። ፑልማን ጎበዝ ሲያገኝ ሽኝት ነው የሚያዘጋጀው። በትልቁ ቤት ውስጥ ያለው ድሃ ሀብታም ሊሆን ይችላል፣ እኔ የምጠይቀው ከአጥር ውጭ ስላለው ነው።

ፓክ-12 በ2026 በአዲስ አባላት ይነሳል፣ ቦይሲ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት፣ ፍሬስኖ ስቴት እና ሌሎችም። ደስ ይለኛል። አፕል ካፕም (ከአፕል ኩባንያ ጋር አይገናኝም)፣ የሁለቱ የዋሽንግተን ቡድኖች ፍልሚያ፣ እስከ 2028 ውል አለው። ከ1900 ጀምሮ የነበረ ጨዋታ አሁን በውል ነው የሚኖረው።

ቀጣዩ ሲያትል ነው። ልጁ ቲኬት ግዛልኝ ብሏል፣ በእንግዶቹ በኩል። ለምረቃውም ማሊያ ልገዛለት ፈልጌ የአዲሱን ኳርተርባክ ስም ጠየቅኩት።

«ቁጥር ብቻ ይሁን» አለኝ፣ «ስም እንዳታስጽፍበት።»