አዘዞ ላይ ክቧን ማሳደድ

ነሐሴ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ግድም። አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ጎንደር ለማረፍ ወደ አዘዞ እየወረደ ነበር። ካፒቴኑ የሚያበረው በሄድ አፕ ዲስፕሌይ፣ አብራሪዎች ሃድ በሚሉት፣ የበረራ መረጃን በአረንጓዴ ምልክቶች በሚያሳየው ከፊቱ በተዘረጋው መስታወት ነው። ዋና መሣሪያው እሱ ነበር። መስታወቱ ግራ ወንበር ላይ ብቻ ስለተገጠመ ረዳት አብራሪዋ የምትከታተለው ከታች ያለውን ስክሪን ነው። 787 ቢሆን ለሁለቱም ይኖራቸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከላይ ነው። አረንጓዴዎቹ ምልክቶች በነጩ የክረምት ደመና ላይ ሲደበዝዙበት ካፒቴኑ የመስታወቱን አውቶማቲክ የብርሃን ማስተካከያ ትቶ ብርሃኑን በእጁ ከፍ አደረገው። ከደመናው ሥር ሲገቡ ሁሉ ነገር ዝናብ ያዘለ ግራጫ ሆነ፤ ብርሃኑን ግን የቀነሰው የለም። ማኮብኮቢያው ከደመቁት ምልክቶች ጀርባ ጠፋ። ረዳቷ በባዶው መስኮት እያየችው "ፊት ለፊት ነው፣ ካፕቴን" ብትልም ለእሱ አልታየውም። "ጎ አራውንድ" አለ፤ ማረፉን ትቶ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው። ያላዩት ላይ አለማረፍ ትክክል ነው። ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ሃድ ላይ ሁለት ምልክቶች ይለያሉ። አንዱ አፍንጫው ወዴት እንደተቀሰረ ያሳያል። ሌላዋ ክንፍ ያላት ትንሽ ክብ፣ ፍላይት ፓዝ ቬክተር፣ አውሮፕላኑ በእርግጥ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ትናገራለች። ለማረፍ ሲወርዱ አፍንጫው 3 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ፣ ክቧ 3 ዲግሪ ወደ ታች ትሆናለች። ሲያርፉ የሚነጣጠረው በክቧ ስለሆነ ዓይን እሷ ላይ ይለመዳል።

ጎንደር ደግሞ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ስለሚሳሳ መለኪያው 140 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 155 አካባቢ ነው፤ ነፋስ ከሌለ በ3 ዲግሪ ቁልቁለት በደቂቃ 800 ጫማ ያህል ይወረዳል። ከ50 ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ከዚህ ጉዞው አፍንጫው ስለተነሳ ብቻ ወዲያው አይመለስም። ካፒቴኑ ፓወር ሰጥቶ መሪውን ሲስብ ክቧ ከአድማስ በታች ቀረች። እሷን ለማንሳት ጨመረበት። 15 ዲግሪ ላይ መቆም የነበረበት አፍንጫ 19 ደረሰ፤ ፍጥነቱ ወደ 132 ወረደ።

"ፒች 19! ስፒድ!" አለች ረዳቷ፤ ፒች የሚሉት አፍንጫው ከአድማስ የተነሳበትን ማዕዘን ነው። እሷ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ባለው ስክሪን ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታይቷታል። ሃድ ግን ሰማዩንም ምድሩንም በአንድ አረንጓዴ ነው የሚስለው። ካፒቴኑ አፍንጫውን 15 ላይ አሳረፈው፤ ክቧም ቀስ ብላ አድማሱን አልፋ ወጣች።

መሬት ከደረሱ በኋላ ካፒቴኑ ወረቀት ገልብጦ ሁለቱን ምልክቶች በእስክርቢቶ ሣለና በመካከላቸው መስመር አሰመረ። ነፋስና መናወጥ ከሌለ ያ ርቀት ክንፉ አየሩን የሚቀበልበት ማዕዘን ነው። ሲወርዱ 6 ዲግሪ የነበረው ያን ጊዜ በጣም ሰፍቶ ነበር፤ ከዚያም ቢሰፋ ወደ ስቶል፣ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ወደሚያቅተው ሁኔታ፣ ያመራል። ስለዚህ በጎ አራውንድ መጀመሪያ አፍንጫውን በራሱ ምልክት 15 ላይ ማቆም፣ ክቧን መጠበቅ። ሃድ የሌለው አብራሪ ደግሞ ፒቹን ጮክ ብሎ በቁጥር ይጥራ።

በሁለተኛው ሙከራ ብርሃኑ ወደ አውቶማቲክ ተመልሶ ስለነበር ማኮብኮቢያው ለሁለቱም እኩል ታየ።