የጅማው የአደባባይ ሰሌዳ፦ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ሠራ

ሰው በልጅነቱ ለእናቱና ለአባቱ ሳይናገር የቀረውን በጠመኔ የሚጽፍበት ሰሌዳ በመጨረሻ እየተጻፈበት ነው። አናጢነቱን ቶሎ ልጨርሰው፤ ያስቸገረው እሱ አልነበረም።

አንድ ሙሉ ኮምፖርሳቶ (122 በ244 ሳ.ሜ)፣ ዙሪያውን ሞራሌ። ለ1 ሊትር ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም 8 የሾርባ ማንኪያ አሸዋ የሌለው ግራውት (የሴራሚክ መጋጠሚያ መሙያ ዱቄት)፤ ቶሎ ስለሚጠጥር በትንሽ በትንሹ በጥብጡ። በሩሎ ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በየመሃሉ በ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ጠርዙ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም ካልጠጣ የጅማ ዝናብ በዚያ ገብቶ ንብርብሩን ይገላልጠዋል። ሦስት ቀን ይበቃዋል ቢባልም እዚህ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ጠመኔ አጋድሞ መላውን ቀብቶ መጥረግ ነው። ይህ ከተዘለለ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጥላው አይለቅም፤ የሰው ምስጢር ጥላ ማስቀረት ደግሞ ነውር ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። አሜሪካዊቷ አርቲስት ካንዲ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በአንድ ባዶ ቤት ግድግዳ ላይ «ከመሞቴ በፊት…» ብላ ጀምራ ቀሪውን ለመንገደኛው የተወችው ሥራ በእንግሊዝኛ ይሄዳል፤ ግሡ ቀድሞ ክፍት ቦታው መጨረሻ ላይ ይወድቃል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ነው። ግሡን እኛ ከጻፍነው ጾታውንም አክብሮቱንም ወስነንበታል።

የመጀመሪያው ሙከራ «ለወላጆቼ ያልነገርኳቸው ____» ነበር። ሰሌዳው በ«አመሰግናለሁ» ሞላ። «ወላጅ» የክፍል ኃላፊ ቃል ነው፤ «ወላጅ አምጣ» ሲባል የሰማነው። ልጅ ሆኖ እናቱን «ወላጄ» ብሎ የጠራ የለም። ሁለተኛው «እናቴ/አባቴ ሆይ» ጸሎትም ቅጽም መሰለ። ሦስተኛው፣ «ወላጆችህ ምን አስቀየሙህ?»፣ የለየለት ጥፋት ነበር፤ ሴቶቹን በ«ህ» አባረረ፣ የቀሩትን ከሳሽ አደረገ። የወላጅ እርግማን በሚፈራበት አገር በአደባባይ ክስ የሚጽፍ የለም።

የሠራው ይህ ነው፦ «____፣ ያኔ ____»። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ጸሐፊው ይጠራበት የነበረውን ስም ያስገባል፦ እማዬ፣ አባባ፣ እትዬ፣ ጋሼ። አያት ያሳደገችውም ቦታ ያገኛል። ግሡ የራሱ ነው፦ ብትይኝ፣ ብትለኝ፣ ቢሉኝ። ኦሮምኛውን ከአማርኛው አትተርጉሙት፣ ለብቻው ሰሌዳ ስጡት። «አቲ» (አንተ/አንቺ) ለሴትም ለወንድም ስለሚሆን እዚያ የጾታው ጣጣ የለም፤ የ«ኢሲን» (እርስዎ) አክብሮት ግን አለ።

የሰሌዳው ታችኛ ጠርዝ ከመሬት 50 ሳ.ሜ ይሁን፣ ፊት ለፊቱ የጅማ በርጩማ ይቀመጥ። ቆሞ የሚጽፍን ሰው ጽሑፉን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነብበታል፤ የተቀመጠውን ጀርባው ይከልለዋል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ሞባይል የደገነ ካለ የሚጽፍ አይኖርም።

«ፈውስ» የሚለውን ቃል ግን ከማስታወቂያው አንሱት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፔኔቤከርና ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 የሚያስጨንቅ ትዝታን ስለመጻፍ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት ነው የጻፉት፤ ወዲያው እንደጻፉም ስሜታቸው ከብዶ ነበር። ግማሽ ደቂቃ የተጻፈ አንድ መስመር ሕክምና አይደለም። የሚከብደውን ለማዋየት የሠለጠነ ሰው አጠገብ ይቀመጥ፤ ከዚያ ላለፈው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

አደባባዩን ለሚፈራ የተቆለፈ ሣጥንና አራት ቦታ የተቆረጠ ኤ4 አኑሩ፤ ቀዳዳው 12 ሳ.ሜ በ5 ሚ.ሜ ቢሆን እጅ አያስገባም። «አይነበብም፣ ማንደጃ ላይ ይቃጠላል» ብላችሁ በጉልህ ጻፉበት፤ ያለዚያ እርዳታ የፈለገ ሰው መልስ ሲጠብቅ ይቀራል። ይህን እኛ ዘግይተን ነው የለጠፍነው።

ማጥፋቱን ለጸሐፊው ተዉለት፤ እርጥብ ጨርቅ በገመድ እሰሩ። በሚስማር ብቻ ብታንጠለጥሉት ከጠመኔው ቀድሞ የሚጠፋው ጨርቁ ነው።