ትኬት ከመቁረጤ በፊት የአየር መንገዱን ሒሳብ ማየት እንዴት ለመድኩ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያ በኩል፣ ለወገኖቼ የአውሮፕላን ትኬት እየቆረጥኩ መተዳደር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ቢሮዬ የሚመጣም ሆነ ስልክ የሚደውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋው ስንት እንደሆነና ሻንጣ ስንት እንደሚፈቀድ። ገንዘቡን የሚቀበለው አየር መንገድ የጉዞው ቀን እስኪደርስ በሥራ ላይ ይቆይ እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄውን እኔው መጠየቅ፣ መልሱንም ከየኩባንያው የሒሳብ ሪፖርት ውስጥ ፈልጌ ማውጣት ነበረብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ልማድ እንዴት እንዳዳበርኩና ስለዚህ ንግድ ምን እንዳስተማረኝ ነው፤ ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአየር መንገዶች የገንዘብ ችግር መጀመሪያ የተሰማኝ በራሴ ኪስ ነው። ወደ ሥራው የገባሁት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ትኬት ሻጭ የሚኖረው አየር መንገዱ ከዋጋው ላይ በሚያስብለት ኮሚሽን ነበር። ቀደም ሲል 10 በመቶ የነበረው ይህ ኮሚሽን፣ በ1995 ዴልታ ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት ከ50 ዶላር በላይ አልከፍልም ካለ ጀምሮ በየጊዜው እየተሸረፈ መጣ። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ ኮንግረሱ 5 ቢሊዮን ዶላር በጥሬው፣ እስከ 10 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ በብድር ዋስትና ቢፈቅድላቸውም፣ ኩባንያዎቹ የሚቆረጥ ወጪ ፍለጋ ያላንኳኩት በር አልነበረም። በማርች 2002 ዴልታ መደበኛውን ኮሚሽን ፈጽሞ ሲያስቀር ሌሎቹም ወዲያው ተከተሉት። በዚያው ዓመት በኦገስት ዩኤስ ኤርዌይስ፣ በዲሴምበር ደግሞ ዩናይትድ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ቢሯቸውን ዘጉ። እኔ ከደንበኛው የአገልግሎት ክፍያ ወደ መጠየቅና ከጅምላ ሻጮች በቅናሽ የሚገኝ የአዲስ አበባ ትኬት ወደ መሸጥ ዞርኩ፤ ገቢዬን በአንድ ደብዳቤ ያጠፋውን ንግድ ከውስጥ ሳላውቀው መቀጠል ግን እንደማይገባኝ ወሰንኩ።

በአሜሪካ አክሲዮናቸው በገበያ ላይ የሚሸጥ ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱና በየዓመቱ ሒሳባቸውን ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ሰነዱም ለማንም ሰው በኢንተርኔት በነጻ ክፍት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሪፖርቶች ያነበብኩት የሒሳብ ባለሙያ ከሆነ ወዳጄ ጋር፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እስኪፈላ እየጠበቅን ነበር። ወዳጄ ከመቶ ገጽ የሚያልፈውን ወረቀት ገለባብጦ ከዕዳዎቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱን መስመር በእርሳስ አሰመረልኝ። በመስመሩ ላይ የሰፈረው ኩባንያው ትኬት ሽጦ የተቀበለው፣ ነገር ግን ገና መንገደኛውን ያላጓጓዘበት ገንዘብ ነው። «ይኼ ገቢ አይደለም፣ ዕዳ ነው፤ ያበደሩትም ያንተ ደንበኞች ናቸው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ባንክ ሲያበድር አውሮፕላኑን ወይም ሌላ ንብረት በመያዣነት ይይዛል፤ ለፋሲካ አገር ቤት ለመግባት በጃንዋሪ ከፍሎ የሚጠብቅ መንገደኛ ግን ያለ መያዣና ያለ ወለድ ያበደረ ሰው ነው፤ ኩባንያው ቢዘጋም ከአበዳሪዎች ሰልፍ መጨረሻ አካባቢ የሚቆመው እሱ ነው። ትልልቆቹ አየር መንገዶች በዚህ መልክ የሚይዙት ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሪፖርት ስከፍት ከሁሉ በፊት ይህን ቁጥር በእጅ ካለው ጥሬ ገንዘብ ጋር አነጻጽራለሁ። ጥሬ ገንዘቡ በየሩብ ዓመቱ እየቀነሰ የመንገደኞች ቅድሚያ ክፍያ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ ኩባንያው የነገውን መንገደኛ ገንዘብ ለዛሬው ነዳጅ እያዋለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኩባንያ ድንገት ትልቅ ቅናሽ ሲያውጅ ደንበኞቼ ይደሰታሉ፤ እኔ ግን ገንዘቡን ለምን እንዲህ እንደቸኮለበት ሳላጣራ አልሸጥም።

ሌላው ለመረዳት ጊዜ የፈጀብኝ ነገር ሞልቶ የሚበር አውሮፕላን ሁሉ አትራፊ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 180 ወንበር ያለው አውሮፕላን አንድ በረራ 27,000 ዶላር ያስወጣል፣ አማካይ የትኬት ዋጋውም 180 ዶላር ነው እንበል። ወጪውን ለመሸፈን 150 መንገደኛ ያስፈልገዋል፤ ትርፉ የሚገኘው ከዚያ በላይ ከሚሳፈሩት ላይ ብቻ ነው። በዚያው መስመር ሌላ ኩባንያ ገብቶ አማካይ ዋጋው ወደ 160 ዶላር ቢወርድ 169 መንገደኛ ያስፈልገዋል፤ ወደ 150 ቢወርድ ደግሞ የመጨረሻው ወንበር ሳይቀር ቢሞላ እንኳ አንድ ዶላር አያተርፍም። የአብራሪው ደመወዝ፣ የአውሮፕላኑ ኪራይ፣ የማረፊያው ክፍያና ከሞላ ጎደል ነዳጁም፣ መንገደኛ ቀነሰ ተብሎ አይቀንሱም። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ደግሞ ነገ አይሸጥም፣ ስለሆነም ሁሉም የተረፈውን ወንበር ባገኘው ዋጋ ለመሸጥ ይፈተናል። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር መልካም ዓመት ተብሎ ለታሰበው ለ2024 የገመተው የተጣራ ትርፍ በአማካይ ከአንድ መንገደኛ 6 ዶላር ገደማ ነበር፤ አየር ማረፊያ ውስጥ ለአንድ ቡና የሚከፈለው ከዚህ ብዙም አያንስም።

ይህን ስሌት በተግባር ያየሁት እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ አየር ማረፊያ ነው። አትላንቲክ ኮስት የተባለ ኩባንያ ለዩናይትድ አነስተኛ ጄቶችን በማብረር ይተዳደር ነበር፤ ዩናይትድ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሳለ ውሉን በርካሽ እናድሰው ሲለው አልስማማም ብሎ፣ በጁን 2004 ኢንዲፔንደንስ ኤር በሚል ስም ራሱን ችሎ ወጣ። ዋጋው ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ይሁንና አብዛኞቹ ጄቶቹ 50 ወንበር ብቻ ስለነበራቸው፣ የሁለት አብራሪ ደመወዝና የሁለት ሞተር ጥገና ለ50 ሰው ሲካፈል በእያንዳንዱ ወንበር ላይ የሚያርፈው ወጪ ከርካሽ ዋጋ ጋር ፈጽሞ አይሄድም ነበር። ዩናይትድም በዋጋ ተከታተለው፣ ነዳጅም ተወደደ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2006 የመጨረሻ በረራውን አደረገ። ትርፍ በሌለው ዋጋ የሚሸጥ ተወዳዳሪ ሲመጣ ነባሩ ኩባንያ ለጊዜው ኪሳራውን ውጦ ዋጋ ማውረዱ፣ መጤው ሲወጣ ደግሞ ዋጋውን መልሶ መስቀሉ፣ ከ1978ቱ የዋጋ ቁጥጥር መነሣት ወዲህ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ነገር ነው።

ሞት የሚመጣው ሁልጊዜ ከነዳጅ ወይም ከተወዳዳሪ አለመሆኑን ያሳየኝ ደግሞ በኤፕሪል 2008 ፍሮንቲየር አየር መንገድ ላይ የደረሰው ነው። መንገደኛ በክሬዲት ካርድ ሲከፍል ገንዘቡ በቀጥታ ወደ አየር መንገዱ አይሄድም፤ በመሃል ክፍያውን የሚያስተላልፍ ድርጅት አለ፣ በረራው ከቀረም ለመንገደኛው የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ሥጋት ሲያድርበት ገንዘቡን ይይዛል። ከማርች መጨረሻ ጀምሮ አሎሃ፣ ኤቲኤና ስካይባስ የተባሉ አየር መንገዶች በቀናት ልዩነት ሲዘጉ፣ የፍሮንቲየርን ክፍያ የሚያስተላልፈው ፈርስት ዳታ ከትኬት ሽያጩ ላይ የሚይዘውን ገንዘብ እንደሚጨምር አስታወቀ። ፍሮንቲየር ይህን ለማስቆም ሲል ብቻ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሮጠ፣ ኋላም ተርፎ ወጣ። ከዚህ በኋላ በሪፖርቶቹ ውስጥ ካርድ አስተላላፊዎች ስለሚይዙት ገንዘብ የተጻፈውን አንቀጽ ሳላነብ አልፌ አላውቅም፤ እነዚህ ድርጅቶች ከጋዜጠኛም ከባለሙያም ቀድመው የሚደነግጡ ናቸው።

ደንበኞቼን በጣም የሚያስፈራቸው ቻፕተር 11 የሚለው የኪሳራ ጥበቃው ስም ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2005 ዴልታና ኖርዝዌስት በአንድ ቀን ሲያመለክቱ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ዋለ፤ ሁሉም ትኬቱን መሰረዝ ፈለገ። የመለስኩላቸው ይህ መዝጋት አለመሆኑን፣ በፍርድ ቤት ጥላ ሥር እየበረሩ ዕዳን የመደራደሪያ መንገድ መሆኑን ነው፤ ሁለቱም መብረራቸውን ቀጠሉ፣ ኋላም ተዋሐዱ። በግሌ ይህ ሥርዓት ለጤነኛው ኩባንያ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ዩናይትድ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሳለ በ2005 የሠራተኞቹን ጡረታ ለመንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ድርጅት አስረክቦ ከሸክሙ ሲላቀቅ፣ ዕዳውን ሲከፍል የቆየው አሜሪካን አየር መንገድ ከነወጪው ቀርቶ በኖቬምበር 2011 እሱም ኪሳራ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሠራተኞቹ የተቀጡት ባላጠፉት ጥፋት ነው፤ ከእነሱም መካከል የሀገራችን ልጆች ይገኙበታል።

መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ አየር መንገድ ደንበኞቼ ገና ሳይጓዙበት ድንገት ሥራ አቆመ። በራሳቸው ክሬዲት ካርድ የከፈሉት ያልተሰጠ አገልግሎት ነው ብለው ለባንካቸው አመልክተው ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ በጥሬ ገንዘብ የከፈሉት ግን ገንዘቡ በየሳምንቱ በሚደረገው የወኪሎች ሒሳብ ማወራረጃ በኩል አስቀድሞ ወደ አየር መንገዱ ስለሄደ፣ የኪሳራ አቤቱታ ቅጽ ሞልቶ ከመጠበቅ በቀር ምንም አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ በቢሮዬ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ የትኬቱ ዋጋ በመንገደኛው ካርድ በቀጥታ በአየር መንገዱ ስም ይከፈላል፣ የእኔ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ለብቻው ይቆረጣል። እድር ወይም ዘመድ አዋጥቶ በጥሬው የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ካርድ ያለው ልጅ ወይም ጎረቤት እንዲከፍልና ጥሬውን ለእሱ እንዲሰጡት እጠይቃለሁ።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መስመር ውድድሩ የተለየ መልክ አለው። ከ2007 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ኳታር፣ ተርኪሽ፣ ኤሚሬትስና ኢትሃድ በየተራ ዳለስ ገቡ፤ በ2015 ሦስቱ ታላላቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች የባሕረ ሰላጤው ኩባንያዎች ከመንግሥቶቻቸው ከ42 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ አግኝተዋል ብለው ከሰሱ፣ ተከሳሾቹም ካዱ። የእኛው አየር መንገድ በዚህ መሃል የተፈጥሮ ፈተናም አለበት፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ስለማይቻል፣ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ በመንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል፣ ይህም ተጨማሪ ወጪ ነው። እንዲያም ሆኖ በ1945 መጨረሻ ሲመሠረት ያቋቋመውና ያስተማረው የአሜሪካው ቲደብልዩኤ ሦስት ጊዜ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በ2001 በአሜሪካን አየር መንገድ ሲዋጥ፣ ተማሪው ዛሬም ይበርራል። በኮቪድ ጊዜም ከመንግሥት ድጎማ ሳይጠይቅ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር አንሥቶ ጭነት በማጓጓዝ ቆየ፤ በዚያው ወቅት የአሜሪካ መንገደኛ አጓጓዦች ለደመወዝ ብቻ እስከ 25 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦላቸው ነበር።

በዚህ መስመር ላይ ደንበኛን ማስረዳት ይከብዳል። አንዲት እናት ስልካቸውን ከፍተው «ይኸው ልጄ፣ እዚህ ሁለት መቶ ዶላር ይቀንሳል፤ አንተ ለምን ታስወድድብኛለህ?» አሉኝ። አየሁት፤ እስከ አውሮፓ በአንድ ርካሽ ኩባንያ፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ፣ ሁለት የተለያየ ትኬት ነው። «እማማ፣ የመጀመሪያው ቢቀር ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፤ ሁለት ሻንጣዎትንም እዚያ ተረክበው እንደገና መክፈል አለብዎት» አልኳቸው። የሻንጣውን ሒሳብ ስንደምረው ልዩነቱ ከግማሽ በታች ሆነ፤ እሳቸውን ያሳመናቸው ይኸው ነው። ከኪሳራው ክርክር ይልቅ የሻንጣው ክርክር ሁልጊዜ ይሰማል። ከባልቲሞር በ99 ዶላር አውሮፓ አደርሳለሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣ የነበረው የአይስላንዱ ዋው ኤር በማርች 2019 በአንድ ሌሊት ሲዘጋ፣ መንገድ ላይ ከቀሩት መካከል እንዲህ ባለ ቅጥልጥል ትኬት የተጓዙም ነበሩ።

ኮቪድ በገባ ጊዜ ብዙ አየር መንገዶች በገንዘቡ ፋንታ ለወደፊት ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ለመስጠት ሞከሩ፤ በኤፕሪል 2020 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አየር መንገዱ ራሱ የሰረዘው በረራ ገንዘብ እንደሚመለስበት አስታወሳቸው። ቫውቸር ብድሩን ማራዘም ስለሆነ፣ በረራቸው የተሰረዘባቸው ደንበኞቼ ገንዘቡን እንዲጠይቁ ነገርኳቸው፤ አንዳንዶቹ ወራት ጠብቀው አገኙት።

አሁን የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። ሪፖርት የሚያወጣ ኩባንያ ከሆነ በየሩብ ዓመቱ ጥሬ ገንዘቡን፣ የመንገደኞችን ቅድሚያ ክፍያና በአንድ ወንበር የሚወድቀውን ወጪ በአንድ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፤ ሪፖርት የማያወጣ ከሆነ አውሮፕላን አከራዮቹ ውላቸውን እያደሱለት መሆኑንና በረራ መሰረዝ ማብዛቱን እከታተላለሁ። ስፒሪት የተባለው ርካሽ አየር መንገድ ከሌላው አየር መንገድ ከጄትብሉ ጋር ሊያደርገው የነበረው ውሕደት በጃንዋሪ 2024 በፍርድ ቤት ሲታገድ፣ ዕዳውን የሚሸከምለት እንደሌለ ከደብተሬ ላይ ይታየኝ ስለነበር፣ ከወራት በኋላ ለሚሆን ጉዞ ትኬቱን መቁረጥ አቆምኩ፤ በኖቬምበር ኪሳራ ጠየቀ፣ በማርች 2025 ወጣ፣ በኦገስት ተመልሶ ገባ። በሳምንቱ ውስጥ ለሚበር ሰው ግን፣ በክሬዲት ካርድ እስከከፈለ ድረስና ከዳለስ የሚነሣው የአዲስ አበባ በረራው በማግስቱ እስከሆነ ድረስ፣ በዚያ ጊዜም ቆርጬለታለሁ።